አፈ ማር ያላለችው ቃል

ሙሉ ስሟን የሚያውቀው የሆስፒታሉ ደመወዝ ከፋይ ብቻ ነበር። ለሌላው ሰው ሁሉ አፈ ማር ነበረች። ስሙን ማን እንዳወጣላት ሰፈሩ እስካሁን ይጨቃጨቅበታል። «እኔ ነኝ» የሚሉት ጥቂት አይደሉም፤ ከነሱም መካከል አፈ ማር ወደዚህ ሰፈር ስትገባ ገና ያልተወለደች አንዲት አለች። «አፈ ቅቤ፣ ልበ ጩቤ» የሚለውን ተረት ይዘው ልቧ ውስጥ ጩቤ የፈለጉም አልጠፉም። ዓመታት ፈልገው ማንኪያ እንኳ አላገኙም።

ሥራዋ ማስተርጎም ነበር። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሰዎች የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ሆስፒታሉ ግን ከወዲህ ነው። ሲታመሙ ይሻገራሉ። ሐኪሞቹ የማዶን ቋንቋ አያውቁም፣ በሽተኞቹም የሐኪሞቹን አያውቁም፤ መሀል ላይ አፈ ማር ትቆማለች። የወተት ጥርሷን እስክትነቅል ማዶ ነው ያደገችው። ከዚያ እናቷ ይዛት ተሻገረች፣ ትምህርቱም ጎረቤቱም ትዳሩም ሁሉ ወዲህ ሆነ።

መሀል ትቆማለች አልኩ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ወደ ትራሱ ጠጋ ብላ ነበር የምትቆመው። ሐኪሙ የሚናገረው ደህና ነገር ከሆነ አፉን ሳይገጥም አድርሳዋለች። ክፉ ነገር ከሆነ ግን አፏ አይከፈትም። መጀመሪያ በሽተኛውን «ከማን ጋር መጣህ?» ትለዋለች። ወንድሙ ግቢ ውስጥ ጥላ ሥር ተኝቶ ከሆነ ወጥታ ቀስቅሳ ታመጣዋለች። ሰው የሌለው ከሆነ ከአጠገቡ አልጋ አስታማሚ ትበደራለች። ሰውየው በቀኙም በግራውም ሰው መኖሩን አይታ፣ እጇን ትከሻው ላይ ታሳርፍና፣ «ደክሞሃል፣ አባቴ» ትለዋለች።

በቃ። ሌላ አትጨምርም። የማዶ ሰው በበሽተኛ ፊት ሞትን በስሙ አይጠራም፤ ስሙን ሰምቶ የሚመጣ ይመስላቸዋል። እጁ ትከሻ ላይ ሲያርፍና ዘመድ ሲጠራ፣ «ደክሞሃል» ምን ማለት እንደሆነ የማይገባው የለም። አንዱ አንገቱን ይደፋል፣ ሌላው ልጆቹን ይጠይቃል። አንዱ ሽማግሌ ደግሞ «ገና አሁን ነው እንዴ ያወቃችሁት?» ብሎ እንዳሳቃት ትናገር ነበር።

አንድ አንጋፋ ሐኪም ነበር፣ የሚወዳትም የሚቆጣትም። «እኔ ይህን ሁሉ አወራሁ፣ አንቺ ሁለት ቃል ተናግረሽ ጨረስሽ» አላት አንድ ቀን።

«ገብቶታል፣ ዶክተር። እዩት።»

«እሱስ ገብቶታል። ግን ሁሉም ሰው ያንቺን እጅ አያገኝም። አንድ ቀን ይኼ ልማድሽ ጉድ ያፈላብናል።»

እሷም «እስከዚያ ጡረታ እወጣለሁ» አለች።

ባሏ ቁልፍ ሠሪ ነው። ከሚኖሩበት ፎቅ ሥር፣ ደረጃው ከሚያልቅበት ጥግ፣ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅና አንዲት የምትጮህ የቁልፍ መቅረጫ ማሽን አለችው። የተዋወቁት ያኔ ወጣት ሳለች ቁልፏን ውስጥ ረስታ በሩ ሲዘጋባት ነው። ሰፈሩ «ሊከፍት ገባ፣ እስካሁን አልወጣም» ይላል። እቤት ውስጥ የሚነገረው የከተማው ቋንቋ ብቻ ነበር። እሱ የማዶን አንድ ቃል አልተማረም። «ለአንድ ቤት አንድ ቋንቋ ይበቃል፤ በአንዱም መስማማት አቅቶናል» ይል ነበር። አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፣ እሷም አልተማረችም። ለምን እንዳላስተማረቻት ሲጠይቋት አፈ ማር «የሥራዬን ዕቃ ቤት አላመጣም» ትላለች። ያን ጊዜ ሳቅንበት።

ከዚያ ማሽኑ መጣ።

ይዛው የመጣችው መነጽር ያደረገች፣ ቀስ ብላ የምትናገር መሐንዲስ ናት። የሆስፒታሉን ሠራተኞች ሰብስባ አስረዳቻቸው። ውስጡ ሦስት ሥራ አለ አለች፤ አንዱ የሚነገረውን ሰምቶ ወደ ጽሑፍ ይለውጣል፣ ሁለተኛው ጽሑፉን ወደ ሌላ ቋንቋ ይመልሳል፣ ሦስተኛው የተመለሰውን በድምፅ ያነባል። ሦስቱ ተያይዘው ሲሠሩ እንደ አንድ ሰው ይሆናሉ። ዘበኛው ከኋላ ሆኖ፣ «ይኼማ የኛ ሰፈር ነው። አንዷ ትሰማለች፣ አንዷ ትገለብጣለች፣ አንዷ ታዳርሳለች» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማሽኑ ስም «ሦስቱ» ሆኖ ቀረ። መሐንዲሷ ራሷ ሳታስበው «ሦስቱ ዛሬ አልሠሩም» ስትል ተሰምታለች።

ችግሩ፣ ሦስቱ የማዶን ቋንቋ አያውቁም። ማሽን የሚማረው ከተጻፈ ነገር ነው፤ የማዶ ሰዎች ደግሞ ያወራሉ እንጂ አይጽፉም። ስለዚህ ከሰው አፍ መማር ነበረበት፣ ያ አፍም የማን እንደሆነ ለመገመት አዋቂ ቤት አያስኬድም። አፈ ማር ግድግዳው በስፖንጅ የተሸፈነ ጠባብ ክፍል ውስጥ ክረምቱን ሙሉ ተቀመጠች። ስክሪኑ ላይ በከተማው ቋንቋ አንድ ዓረፍተ ነገር ይመጣል፣ እሷ በማዶ ቋንቋ ትለዋለች፣ ማሽኑ ትርጉሙንም ድምፁንም ይይዛል። «የት ጋ ነው የሚያምህ?» «ውሃ ስጡኝ።» «ሱሪህን ዝቅ አድርግ።» ይቺኛዋን ስትል ብቻዋን መሳቋን መሐንዲሷ ትናገራለች።

ከዚያ ሌላ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይመጣል። «እየሞትኩ ነው።» «እናትህ ልትሞት ነው።»

አፈ ማር ስክሪኑን ታየውና እጇን ጠረጴዛው ላይ፣ ልክ እንደ ሰው ትከሻ ታሳርፋለች። በማዶ ቋንቋም «ደክሞኛል» ትላለች። «እናትህ ደክሟታል» ትላለች። እንዲህ እንዲህ እያለች ያን ሁሉ ክፉ ቃል አለፈችው። ማታ ለባሏ ነገረችው።

«ክፉ ቃል በኔ ድምፅ ተቀርጾ አይቀመጥም።»

«ማን ይሰማሻል? ባዶ ክፍል ነው እኮ።»

«ሦስቱ ይሰማሉ።»

«ለነሱ ደግሞ ምን አሳዘነሽ?»

«ገና ልጆች ናቸዋ።»

ክረምቱ አልቆ ማሽኑ ሥራ ሲጀምር ለሷ የቀረው የምስጋና ወረቀትና አበባ ነበር። በጊዜዋ ጡረታ አስወጧት። ሰፈሩ ዝም አላለም፤ «ጉድጓዷን ራሷ ቆፈረች፣ ያውም በገዛ ምላሷ» ተባለ። እሷ «ያስተማርሽው ልጅ ሲበልጥሽ ደስ ይላል» አለች። ነጩን የሥራ ጋዎን ግን እሑድ እሑድ መተኮሷን አልተወችም። ተኩሳ፣ ቁልፉን ቆልፋ፣ መስቀያ ላይ አድርጋ መልሳ ትሰቅለዋለች። ባሏ አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

አንድ ጠዋት ዕቃ እያጠበች ወደቀች። የደም ግፊት ነው፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል አሉ። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አሉ፣ አፏም ወደ አንድ በኩል ሄደ። ለብዙ ጊዜ ድምፅ አላወጣችም። ከዕለታት አንድ ቀን አልጋዋ ላይ ሆና መናገር ጀመረች፣ ባሏም ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። ተናገረች፣ ደግሞም አልተንተባተበችም። ግን የተናገረችው በማዶ ቋንቋ ነበር። የከተማው ቋንቋ ሄዷል። ልትናገረው አትችልም፣ ሲነገራትም ከንፈራችንን ታያለች እንጂ አይገባትም። አንጋፋው ሐኪም አንዳንዴ እንዲህ እንደሚያጋጥም፣ በልጅነት የገባው ቋንቋ ሲቀር በላዩ የመጣው ሊታጠብ እንደሚችል አስረዳ። ቁልፍ ሠሪው አዳመጠውና፣ «እንግዲህ እኔም በላዩ ከመጡት ነኝ» አለ።

ይህን ሁሉ ዘመን አብራው ከኖረችው ሚስቱ ጋር የሚግባባበት አንድ ቃል አጣ። ወደ ቤት ሲመልሷት ውሃ ትጠይቀዋለች፣ ብርድ ልብስ ያመጣል። ብርድ ልብስ ትላለች፣ መስኮት ይከፍታል። ማዶ የነበሩት ዘመዶቿ አልቀዋል። ጠዋት ጠዋት ወተት የምታመጣ አንዲት የማዶ ሴት አለች፤ በሩ ላይ ቆማ ትንሽ ታስተረጉምላቸዋለች። ነገር ግን ወተት ይበላሻል፣ ደንበኛም አይጠብቅም፤ ቀኑን ሙሉ ልትቀመጥላቸው አትችልም።

ልጃቸው ሌላ ከተማ ነው የምትሠራው፣ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን የሚፈጅ መንገድ ነው። እናቷ ከሆስፒታል ስትወጣ መጥታ ነበር፤ ሦስቱን በአባቷ ስልክ ላይ የጫነችው እሷ ናት። ስልኩን ትራስጌው ጠረጴዛ ላይ ከውሃው ብርጭቆ ጋር አስደግፋ፣ «በል አባዬ፣ የሆነ ነገር በል» አለችው።

«ምን ልበል?»

«እሷን የምትላትን።»

ጉሮሮውን ጠረገና «እኔ ነኝ» አለ።

ስልኩ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ተናገረ፣ የተናገረውም በአፈ ማር ድምፅ ነው። የዛሬው የተሰበረው ድምፅ አይደለም፣ የዚያን ክረምት ጤነኛ ድምፅ ነው። ማሽኑ በማዶ ቋንቋ ሲናገር ሌላ ድምፅ የለውም፣ የሷን ብቻ ነው የያዘው። አፈ ማር ስልኩን አየችው፣ ባሏን አየችው፣ ከዚያ በደህና እጇ ጉሮሮዋን ነካች። ቀስ ብላ መለሰች። አሁን ደግሞ ሦስቱ ወደ ከተማው ቋንቋ አዞሩትና፣ የሬዲዮ ማስታወቂያ በሚያነብ ጎረምሳ ድምፅ፣ «ጺምህን ተላጭ» አሉ።

ልጅቷ ሳቀች፣ ከዚያ ወደ ኩሽና ሄዳ አለቀሰች። ከበር ቆማ የምታይ ጎረቤት፣ «ባልና ሚስት አንድ አፍ ናቸው ሲባል እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር» አለች። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል፤ አፍም ለካ እንደዚያው ነው።

ከዚያ ወዲያ ቁልፍ ሠሪው ወሬኛ ሆነ። ዝምተኛ የነበረው ሰውዬ ሱቁን ዘግቶ ሲወጣ የቀኑን ሁሉ ይነግራታል። ማን ቁልፍ አስቀረጸ፣ ማን የሚስቱን ሻንጣ በድብቅ አስከፈተ፣ የትኛው በር ሲጮህ ዋለ። አፈ ማር ትሰማዋለች፣ አንዳንዴም በግማሽ አፏ ትስቃለች። ወሬው ያልቅበትና ደግሞ ሌላ ፈልጎ ያመጣል። እንዲህ የሚለፈልፈው እሷን ለማጫወት ብቻ እንዳልነበር ኋላ ለልጁ ነግሯታል። ተናግሮ ሲያበቃ ስልኩ የሚመልሰውን ለመስማት ነበር። ትርጉሙ አይገባውም። ድምፁ ግን ይገባዋል።

ከነዚያ ምሽቶች በአንዱ አፈ ማር አንድ ነገር ጠየቀችው። ጎረምሳው ድምፅ እንዲህ ሲል አወጣው፦ «ብቻውን ያሰናበትኩት ሰው የለም። ስሞት ልጄ አጠገቤ ትሁን።»

«ቃሌ ነው» አላት፣ በራሷ ድምፅ።

ቃሉን ለመጠበቅም ብዙ አልቆየም። ጥቂት ሳምንት ሄዶ፣ አንድ ምሽት ራት ከበላች በኋላ አንድ አጭር ነገር ተናገረች፤ ስልኩም ሳሙና እንደሚሸጥ ሰው ደስ ብሎት፣ «እየሞትኩ ነው» አለ። ቁልፍ ሠሪው ሳህኑን ጣለ። ለልጁ ደወለ። ጎረቤት ተጠራ፣ ሴቶቹ አልጋውን ከበው አነቡ። አፈ ማር አንዷን አይታ ሌላዋን እያየች፣ ማን እንደሞተ ሊነግሯት ያልደፈሩ መስሏት መሰለኝ፣ አብራ ማልቀስ ጀመረች። እስኪነጋ እንዲህ ሆነ። ጠዋት ባለወተቷ መጣችና የሰውን ብዛት አይታ ጣሳዋን አስቀመጠች።

«ምን ሆናችሁ?»

«እየሞትኩ ነው አለች።»

ባለወተቷ ጎንበስ ብላ አነጋገረቻትና ቀና አለች። «ኧረ እትዬ ደክሞኛል ነው ያሉት። ትራሱ ከፍ ብሎባቸዋል፣ አንገታቸውን አሟቸዋል። ይልቅ ማን እንደሞተ ንገሯቸው።»

ልጅቷ ከአውቶቡስ ወርዳ እየሮጠች ደረጃውን ስትወጣ እናቷ ገንፎዋን ጨርሳ ተቀምጣለች። ደስታውም ሳቁም ለቅሶውም አንድ ላይ ሆነ። ሁለተኛ ጊዜ ሲደገም ግን የሳቀ አልነበረም። ልጅቷ ደግማ መጣች፣ እናቷ ደግማ ደህና ናት። አለቃዋ «ያንቺ እናት ስንት ጊዜ ነው የሚሞቱት?» አላት። በር ላይ ስትሰናበት አባቷን ክንዱን ያዘችው።

«አባዬ፣ ልቤም ሥራዬም አልቻሉም። እርግጠኛ ስትሆን ብቻ ደውልልኝ።»

«እሺ ልጄ።»

በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታሉ ሄዶ መሐንዲሷን አስጠራት። የክረምቱን ቅጂ ከፍታ ሰማችና ደግማ ከፈተችው። ከዚያ ነገሩን ገለጸችለት። ስክሪኑ «እየሞትኩ ነው» ባለ ቁጥር አፈ ማር «ደክሞኛል» ብላ ተርጉማለች፣ አንዴም አልዘለለችም። ማሽኑም ያስተማሩትን ይዟል፤ በማዶ ቋንቋ «ደክሞኛል» ሲባል ሰው ሊሞት ነው ማለት ነው ብሎ ያምናል።

«ስለዚህ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፣ አባባ» አለች፣ ማንን እንደምትከስ ግራ ገብቷት።

«አውቃለሁ። በእኔም ሥራ አለ። ዋናው ቁልፍ ከተበላ ቅጂውም ተበልቶ ነው የሚወጣው።»

«እናስተካክለዋለን። ግን እነዚያን ዓረፍተ ነገሮች እንደገና የሚያነብ የማዶ ሰው ማግኘት አለብን። ትንሽ ጊዜ ይወስዳል።»

«አትቸኩሉ። እኛ አንዴ አውቀነዋል።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ በዚያ ላይ ማሽንን መጨመር ነው። እቤት ገብቶ ለሚስቱ ሁሉንም አጫወታት። አፈ ማር በግማሽ አፏ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

«አንቺ ነሽ እንዲህ ያደረግሽን» አላት።

«ታዲያ ምን ልበል?» አለ ጎረምሳው በሷ ፈንታ።

«ሲደክምሽ ሌላ ቃል ፈልጊ።»

አሰበችና፣ «አሁን አልለምደውም» አለች።

ስለዚህ እሱ ለመደው። ስልኩ «እየሞትኩ ነው» ሲል ትራሱን ዝቅ ያደርጋል። «እየሞትኩ ነው» ሲል መጋረጃውን ይጋርዳል። ባለወተቷም አሳይታዋለች፤ አንገቷ ሥር እንዴት እንደሚይዛት፣ እንዴት ወደ ጎን እንደሚያዞራት። የቤቱ ቀልድ ሆነ። ሱቁ መጥተው «እትዬ እንዴት ናቸው?» ሲሉት፣ «ዛሬ ሁለቴ ሞታለች፣ ደህና ናት» ይላል። ይህን ቀልድ እኛም ተቀባብለነዋል። አሁን የሚናገረው የለም።

ያን ቀን ከሰዓት ነው። ፀሐዩ መስኮቱ ላይ ነበር። ከታች አንዲት ሴት ደረጃው ሥር ቆማ ትጣራለች፤ ምድጃ ላይ ድስት ጥዳ ለአፍታ ስትወጣ በሩ ተቆልፎባታል። ቁልፍ ሠሪው የመሣሪያ ቦርሳውን ሲያነሣ አፈ ማር ተናገረች። አጭር ነገር ናት፣ እሱም አሁን አሁን በድምጿ ይለያታል፤ ከማዶ ቋንቋ የሚያውቃት ብቸኛ ቃል እሷ ናት። ስልኩም፣ «እየሞትኩ ነው» አለ።

ቦርሳውን አስቀምጦ ወደ አልጋው ተጠጋ። ጎንበስ ብሎ አንገቷ ሥር ያዛትና ትራሱን ዝቅ አደረገላት። ደግማ ያንኑ አለች። ስልኩም ደገመው። በደህና እጇ ትከሻውን ያዘች፣ ወይም ያዘች ከማለት ይልቅ፣ እጇን አሳረፈችበት ማለት ይሻላል። አመሰገነችኝ ብሎ አሰበ። እሱም እጇን ሳመና ብርድ ልብሱ ላይ መለሰላት። መጋረጃውን ጋረደ።

«ተኚ። መጣሁ» አላት። ስልኩ በራሷ ድምፅ አደረሰላት።

በሩ አስቸጋሪ ነበር። ድስቱ አርሮ ሴትየዋ ስታማርር ቆየች፣ እሱም ሲያጽናናት ቆየ። ሲመለስ መጋረጃው እንደተጋረደ ነው። ላለመቀስቀስ ጫማውን አውልቆ ገባ። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ፣ የአስቸጋሪውን በር ወሬ ስትነቃ ሊነግራት እያዘጋጀ። እንዳልነቃችና እንደማትነቃ የገባው ወሬውን አሳምሮ ከጨረሰ በኋላ ነው።

ልጅቷ በማግሥቱ ደረሰች። በዚህኛው ጊዜ ደረጃውን በሩጫ አልወጣችም። አባቷ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ምንም አላለችህም?»

«ብላኛለች።»

«ታዲያ ለምን አልደወልክም?»

«ደክሟት መስሎኝ።»

ክንዱን አልያዘችውም፣ ገፍታውም አላለፈችም። ቆመች። «እርግጠኛ ስትሆን ብቻ ያልኩህ እኔ ነኝ» አለችና አጠገቡ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ሰፈሩ እንደ ልማዱ ነገሩን አካፈለው። ማሽኑን የረገሙ አሉ፣ ድስት ጥዳ የወጣችውን የረገሙ አሉ፣ «ሟቿ ራሷ ናት፣ ነፍሷን ይማረውና» ያሉም አሉ። ሁሉም ልክ ይመስላል፣ ማንኛቸውም ግን ቁልፍ ሠሪው ፊት አይናገሩትም። እሱ የሚናገረው ስለ እጇ ብቻ ነው። «ትከሻዬን ያዘችኝ» ይላል። «ሥራዋ ላይ እንዴት እንደምትይዝ ዕድሜ ልኳን ነግራኛለች። በበሽተኛው ቦታ ራሴን አስቀምጬ አላውቅማ።»

መሐንዲሷ ለማጽናናት መጥታ ብዙ ተቀመጠች፣ ያመጣትን ነገር ግን ሳትናገር ሄደች። በሌላ ቀን ተመልሳ ነው የነገረችው። እነዚያ ዓረፍተ ነገሮች መታረም አለባቸው፣ ሌላ ቤት ላይ እንዳይደርስ። ባለወተቷ ልታነብ ተስማምታለች።

«ድምፁስ?» አለ።

«የእትዬ እንዳለ ይቆያል። የሚቀየሩት እነዚያ ብቻ ናቸው።»

«ደግ ነው። ቀይሩት።»

ባለወተቷ ግን «ጋሼ አብረውኝ ካልሄዱ አልገባም» ብላ ድርቅ አለች። ስለዚህ ተላጭቶ፣ ጫማውን ቦርሾ አብሯት ሄደ። ግድግዳው በስፖንጅ የተሸፈነውን ክፍል ያየው ያን ቀን ነው። ሚስቱ ስትነግረው ከነበረው ይልቅ ጠባብ መሰለው። ጥግ ላይ ባለችው ወንበር አስቀመጡት። በሩን ለሙቀቱ ገርበብ አድርገው ተዉት፣ ባለወተቷም ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች።

ውሃውን፣ ትራሱን፣ ሕመሙን ፈጥና ፈጥና አለችው። «ደክሞኛል» ሲመጣ «ደክሞኛል» አለች፣ እሱም ቃሏን ሲሰማ ቀና አለ። ከዚያ ስክሪኑ «እየሞትኩ ነው» የሚለውን አመጣ።

መሐንዲሷ ጠበቀች። ባለወተቷ ዞር ብላ ጥግ ላይ የተቀመጠውን፣ ሐዘኑ ከፊቱ ያልወረደውን ሰው አየችው። እጇ ከጉልበቷ ተነሥቶ ጠረጴዛው ላይ አረፈ፣ ልክ እንደ ሰው ትከሻ። አፏን ከፈተች፣ እሱም የትኛዋ ቃል ልትወጣ እንደሆነ አወቀ።

«ቆዪ፣ እህቴ» አላት፣ ቶሎ ብሎ። «ያቺን ቃል አትበያት።»

«ምን ላድርግ ጋሼ። ሰው ፊት እንዴት አድርጌ?»

«ገባኝ» አለ። ወንበሩን ሳያንቋቋ ተነሣ፣ ባርኔጣውን ያዘ፣ ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ በሩን ከኋላው ሳበው። ቁልፍ ሠሪ ነውና በሩ እንዳልገጠመ ከድምፁ ያውቃል፣ ግን ተወው። አንዲት አስታማሚ ፎጣ ይዛ በፊቱ አለፈች። ግድግዳውን ተደግፎ አዳመጠ።

ብዙ ቆየ። ከዚያ ከክፍሉ ውስጥ አንድ አጭር ቃል መጣ፣ ቀስ ተብሎ የተባለ። እሱ የሚያውቃት አይደለችም። ይህን ሁሉ ዘመን በአንድ ቤት ሲኖሩ ሰምቶት የማያውቅ ቃል ነው።

ባርኔጣውን አደረገና ደረጃውን ወረደ።